ልጅቱም እኔም ጀማሪ ነን፦ የ5 ዓመት ሕፃን ላዩ ወደ በረዶ በረጋ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ ስለ መውሰድ

ጥያቄ፦ «ልጄ 5 ዓመቷ ነው። በብርዱ ወራት ላዩ ሙሉ በሙሉ ወደ በረዶ የሚረጋ ሐይቅ በአቅራቢያችን አለ። አንድ ቀን ጠዋት ወጥተን እስከ ምሽት በበረዶው ላይ ዓሣ ስናጠምድ ለመዋል አስቤአለሁ። በበጋ ከዳር ሆኜ አጥምጄ አውቃለሁ፤ በበረዶ ላይ ግን አንድም ቀን አልሞከርኩም። ዕድሜዋ ይፈቅዳል ወይ? በረዶው ምን ያህል መወፈር አለበት? ምን ላልብሳት? ሁለት ዘንግና ማሞቂያ የሚገባበት ድንኳን ልግዛ?»

ምላሽ፦ ዕድሜዋ ይፈቅዳል። የ5 ዓመት ልጅ አጭር ዘንግ መያዝ፣ ክሩ ሲነቃነቅ ማየትና ትንሽ ዓሣ መጎተት ትችላለች፤ እንዲያውም ከጀልባ ይልቅ በረዶው ይመቻታል፤ ክር አርቆ መወርወር የለም፣ ዓሣው ከእግሯ ሥር ነው፣ ሲሰለቻት ደግሞ ተነሥታ መሮጥ ትችላለች። በጥያቄዎ ውስጥ ያሳሰበኝ «አንድም ቀን አልሞከርኩም» የሚለው ነው። በረዶውን የሚመረምረው፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረው፣ የተተበተበውን ክር የሚፈታው፣ ልጅቱን የሚያሞቀውና አደጋ ቢመጣ የሚያድነው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ሳያስብ የሚሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጅዎን ከመውሰድዎ በፊት፣ ሐይቁን በሚገባ ከሚያውቅ ሰው ጋር እርስዎ ራስዎ አስቀድመው ይውጡ፤ ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ዕቃውን ይልመዱት፣ ከተቻለም ልጅቱ በምትወጣበት ቀን ያው ሰው አብሮዎት እንዲኖር ያድርጉ።

ሁለተኛው ምክሬ ብዙዎችን ቅር ያሰኛል፤ ይኸውም በዚያ ቀን እርስዎ ዓሣ አያጥምዱ። ሁለት ዘንግ አያስፈልግም። የሚያጠምድ ሰው ዓይኑ ክሩ ላይ ይተከላል፤ ጣቱ በብርድ ቢደነዝዝ እንኳ «አንዴ ብቻ ልሞክር» እያለ ይቆያል፤ አጠገቡ ያለችው ልጅም ሁለት እርምጃ ርቃ ሌላ ሰው የተወውን ጉድጓድ ስትረግጥ አያያትም። በዚህ ጉዞ አጥማጇ ልጅዎ ናት፤ እርስዎ ጠባቂም ረዳትም ነዎት። ይህን ከቤት ሳይወጡ ከወሰኑ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረው አብዛኛው ነገር ቀላል ይሆንልዎታል።

አሁን ወደ በረዶው ውፍረት እንምጣ። ውኃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል። ሐይቅ ከላይ ወደ ታች የሚረጋው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከበረዶው በታች ያለው ውኃ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ዓሣውም በሕይወት ይከርማል። ከላይ የተሠራው ክዳን ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት አፍ፣ ከሥር ምንጭ በሚፈልቅበት፣ በድልድይ ሥር፣ በሁለት ደሴቶች መካከል በሚጠብበት፣ በሸምበቆና በድንጋይ ዙሪያ፣ በእንጨት የጀልባ መቆሚያዎች አጠገብ በረዶው ይሳሳል። አንዱ ቦታ የሚያስተማምን ውፍረት እያለው ጥቂት ሜትሮች አልፎ ሊሰበር ስለሚችል፣ «ትናንት እዚያ ሰዎች አይቻለሁ» ወይም «የሰው ዱካ አለ» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

በብዙ አገሮች ያሉ የውኃና የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ለእግረኛ የሚያስቀምጡት ዝቅተኛ መጠን 10 ሴንቲሜትር የሆነ አዲስ፣ ጥርት ያለ፣ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ በረዶ ነው። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ያላነሰ የሚያስፈልገው «ጥርት ያለ» የሚለው ቃል ነው። አመዳይ (ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ) ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ የረጋ ነጭ በረዶ ጥንካሬው በግምት የጥርቱን ግማሽ ስለሆነ፣ ለዚያው ክብደት እጥፍ ውፍረት ያስፈልገዋል። መልኩ ወደ ግራጫ ያዘነበለ በረዶ ውኃ እንደ ገባበት ያመለክታል፤ ምንም ያህል ቢወፍር አይወጡበት። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በረዶው 30 ሴንቲሜትር ሆኖ ሳለ ፀሐይ ውስጡን ስለ ሰነጣጠቀችው ቁመታቸውን ጠብቀው የተደረደሩ የበረዶ ዘንጎች ብቻ ይሆንና በአንድ ምት ይበታተናል። በዚህ ጊዜ መለኪያው አያድንም። ለጀማሪና ለሕፃን የእኔ ልክ 15 ሴንቲሜትር ጥርት ያለ በረዶ ነው፤ ብርዱ ለቀናት ሳይቋረጥ በቆየበት፣ በወቅቱ አጋማሽ። የወቅቱን መጀመሪያና መጨረሻ ለልምድ ያላቸው ይተዉት።

ውፍረቱን የሚያረጋግጡት ልጅቱ ዳር ላይ ከሌላ አዋቂ ጋር ቆማ ሳለ ነው። ጫፉ እንደ መሮ የተሳለ ረጅም ብረት ይዘው ከፊትዎ በኃይል እየመቱ ይራመዱ፤ ብረቱ በአንድ ምት ካለፈ፣ በመጡበት ዱካ ቀስ ብለው ይመለሱ። ከዚያ በየ40 እና 50 ሜትሩ ጉድጓድ እየቆፈሩ በሜትር ይለኩ። በሚለኩበት ጊዜ የሜትሩን ጫፍ በበረዶው የታችኛው ጠርዝ ላይ ማስያዝ ያስፈልጋል እንጂ በዓይን መገመት አይበቃም፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ውኃ ውፍረትን አሳስቶ ያሳያል። ብዙ አመዳይ ከተጫነበት ጥርጣሬዎ ይጨምር። አመዳይ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት በረዶው እንዳይወፍር ያደርጋል፤ ክብደቱም ክዳኑን ወደ ታች ተጭኖ ውኃ በስንጥቁ ወደ ላይ እንዲወጣ ያደርጋል። ከላይ ደረቅ የሚመስለውን አመዳይ ረግጠው ጫማዎ ውኃ ውስጥ ቢገባ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የልጅ ጫማ ከራሰ ጉዞው ወዲያው አበቃ ማለት ነው። መኪና ወይም የበረዶ ሞተር ይዞ ስለ መግባት ደግሞ ብዙ አልልም፦ ከልጅ ጋር በእግር ብቻ።

ከመግባታችሁ በፊት ለልጅዎ ሊነግሯት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በረዶ እንደሚጮኽ ነው። ሙቀቱ ሲለዋወጥ ክዳኑ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ድምፁም ከሩቅ እንደ ተሰማ ነጎድጓድ ሆኖ ከእግር ሥር ሊያልፍ ይችላል። ወፍራም በረዶ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ያልተነገራት ልጅ ግን ትደነግጣለች፤ የአባቷን ወይም የእናቷን ፊት ስታይ እነርሱም መደንገጣቸውን ካነበበች ደግሞ ከዚያ በኋላ ምንም ዓሣ አያጽናናትም። ከድምፁ ጋር ውኃ በስንጥቅ ሲወጣ ወይም ክዳኑ ሲወዛወዝ ካዩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተራርቃችሁ ወደ ዳር ተመለሱ።

ሕይወት አድን ጃኬት ሁለታችሁም ልበሱ። ለልጅቱ የሚሆነው በክብደቷ የተሠራ፣ በእግሮቿ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ነው፤ ማሰሪያው ከሌለ ውኃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣል። የእርስዎ መልበስ ለራስዎ ብቻ አይደለም፤ መንሳፈፍ የማይችል አዋቂ ልጅ ማዳን አይችልም። በእጅ የሚያዙ፣ በገመድ ተያይዘው አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ሁለት ወስፌ መሰል ሹል ብረቶች፣ ወደ 15 ሜትር የሚደርስ የሚወረወር ገመድ፣ ፊሽካ፣ እንዲሁም ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልሎ ከሰውነትዎ ጋር የተያዘ ስልክ ይኑርዎ፤ ብርድ ባትሪን በፍጥነት ስለሚያዳክም ስልኩን ውጫዊ ኪስ ውስጥ አያስቀምጡት። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱም በቤት ለቀረ ሰው ይንገሩ።

በረዶው ተሰብሮ ሰው ውኃ ውስጥ ቢሰጥም የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ግማሽ መዳን ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው የብርድ ተመራማሪ ጎርደን ጊዝብሬክት ያስፋፉት «1፣ 10፣ 1» የሚባል መመሪያ አለ፦ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ሳይፈልጉ በኃይል የሚተነፍሱበትና ትንፋሽን ማረጋጋት ብቻ የሚያስፈልግበት ነው፤ ቀጥሎ ያለው 10 ደቂቃ ገደማ እጅና እግር ሳይደነዝዙ ራስን ለማውጣት የሚሠሩበት ጊዜ ነው፤ ራስን እስከ መሳት የሚደረሰው ደግሞ በግምት ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለአዋቂ የተነገሩ ናቸው፤ ትንሽ ሰውነት ቶሎ ይቀዘቅዛል። የሰጠሙት እርስዎ ከሆኑ ፊትዎን ወደ መጡበት አቅጣጫ ያዙሩ፣ በዚያ በኩል ያለው በረዶ እስካሁን ችሎዎታልና፤ ሹሎቹን ተክለው በእግርዎ እየረገጡ በሆድዎ ይሳቡ፣ ከወጡም በኋላ ሳይቆሙ ተንከባለው ይራቁ። የሰጠመችው ልጅቱ ከሆነች ሮጠው አይድረሱባት፤ በሆድዎ ተኝተው ገመድ ወይም ዘንግ ያቀብሏት፣ የድንገተኛ አደጋ ቁጥርም ወዲያው ይደወል። ለእርሷ ከቤት ማስተማር የሚገባው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ከወደቅሁ ወደ እኔ አትምጪ፤ ወደ ዳር ሂጂና ፊሽካሽን ንፊ።» ይህን በጨዋታ መልክ ደጋግማችሁ ተለማመዱት።

ወደ ልብሷ ስንመጣ፣ ብርድ ልጆችን ከአዋቂዎች ይበልጥ የሚጎዳበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሕፃን የቆዳ ስፋት ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ይበልጣል፤ ሙቀት የሚያመነጨው ጡንቻዋ ደግሞ ትንሽ ነው። ከዚያም በላይ በጨዋታ የተጠመደች ልጅ መብረዷን አትናገርም። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ነፋሱን ይመልከቱ፤ ክፍት ሐይቅ ላይ ነፋሱን የሚያግድ ነገር የለም። አየሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ነፋሱ ተደምሮ ስሜቱ ከዜሮ በታች 28 ሲደርስ፣ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ለመጀመሪያ ቀን ነፋስ የሌለበት፣ ፀሐያማ፣ ከዜሮ በታች ከ5 ዲግሪ ያልራቀ ቀን ይምረጡ፤ ካልተገኘ ሌላ ሳምንት ይጠብቁ። ፀሐያማ ነው ካልሁ ዘንድ፣ አመዳይ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ላይ ስለሚመልስ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይያዙ።

ከቆዳዋ ጋር የሚነካው ልብስ ከሱፍ ወይም ላብን ወደ ውጭ ከሚያሳልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ጠጥቶ ስለሚይዝ ከራሰ በኋላ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም። በላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ልብስ ይደረብ። ጓንቱ አራት ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ይሁን፣ ሁለተኛ ጥንድም ይያዙ፤ የመጀመሪያው መራሱ አይቀርም። ወላጆች በብዛት የሚስቱት ጫማው ላይ ነው፤ ሙቀት ይጨምራል ብለው ሦስት ካልሲ ይደርቡና ጫማው እግሯን ያጣብቃል። የተጣበቀ እግር ደም በደንብ ስለማይዘዋወርበት ቶሎ ይደነዝዛል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ጣቶቿን ውስጡ ማንቀሳቀስ የምትችልበት ሰፊ ቦት ጫማ ይሻላል፤ ከሥሩም የስፖንጅ ምንጣፍ ያንጥፉላት፤ ብርዱ በዋናነት የሚመጣው ከረገጠችው በረዶ ነውና። ረጅም ሻርፕ ተጠላልፎ ሊያንቃት ስለሚችል በአንገት የሚጠለቅ አጭር መሸፈኛ ይመረጣል።

ከቤት ስትወጡ አልብሰዋት አይጨርሱ። ወፍራም ጃኬት ለብሳ በመኪና የልጅ መቀመጫ ላይ ከታሰረች ቀበቶው ከሰውነቷ ጋር አይገጥምም፤ ግጭት ቢደርስ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው የላላ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ላይ በሞቀ መኪና ውስጥ ታልባለች። የውጩን ልብስ ሐይቁ ዳር ስትደርሱ አልብሷት፤ መጸዳጃ ቤትም ከዚያ በፊት ትግባ፤ ሙሉ ልብስ ከለበሰች በኋላ ያለው ትግል ይታወቃል። በረዶ ላይ የሚጎተት መንሸራተቻ ካላችሁ ዕቃ ይጫኑበት፣ ልጅቱ ግን በአብዛኛው በእግሯ ትሂድ፤ ተቀምጣ የምትጎተት ልጅ ሙቀት አታመነጭም፤ ጎታቹ አልቦት ሳለ እርሷ ትንቀጠቀጣለች።

በየ15 ደቂቃው ጓንቷን አውልቀው ጣቶቿን በእጅዎ ይንኩ፤ ጉንጯንና የአፍንጫዋን ጫፍ ይመልከቱ። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ መነጫነጭ ነው፤ ያለ ምክንያት የተኮራመተችና ጨዋታ ያቆመች ልጅ ብርድ ገብቷታል ብለው ይገምቱ። ቆዳዋ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ስሜት ካጣ ብርዱ ቆዳውን እየጎዳው ነው፤ አይሹት፣ በአመዳይም አያሻሹት፤ ወደ ሞቀ ቤት ወስደው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፣ ሐኪምም ይየው። መንቀጥቀጧ ቆሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት፣ ንግግሯ ከተጎተተ ወይም ከተደነባበረች ደግሞ ሞቃት መስላ ብትታይ እንኳ አስቸኳይ የሕክምና ጉዳይ ነው።

ስለ ድንኳኑና ስለ ማሞቂያው። ነፋስ መከላከያ ድንኳን ጥሩ ነው፤ ልጅ የምታርፍበትና ከረጢቷን የምታስቀምጥበት «ቤት» ይሆናታል። ማሞቂያውን ግን ለመጀመሪያው ጉዞ እንዲተዉት እመክራለሁ። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ይህ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲያመጣ በቀላሉ ድካም ይመስላል፤ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ የሚሰማትን በትክክል አትገልጽም። በዚያ ላይ የብርድ ልብሷ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ስለሆነ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ወደፊት ለረጅም ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ፣ ለድንኳን ተብሎ የተሠራ ማሞቂያ፣ ከላይም ከታችም የተከፈተ የአየር መግቢያ፣ የሚጮኽ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ሳይጎድል ይጠቀሙ፤ ማሞቂያ በርቶ ልጅ አትተኛበት። ለአሁኑ ግን የሚያስፈልጋችሁን ያህል ሙቀት በፔርሙዝ የተያዘ ለብ ያለ መጠጥና በቅርብ የቆመ መኪና ይሰጣል።

ጉድጓዱን የሚቆፍሩት በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ቢሆን ይመረጣል፤ ፀጥ ያለ ነው፣ 15 ሴንቲሜትር በረዶንም በቀላሉ ይበሳል። ስፋቱ 15 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ የምትፈልጉት ዓሣ ከዚያ አይበልጥም። 25 ሴንቲሜትር ጉድጓድ የሕፃን እግር እስከ ታፋዋ ይውጣል። ልጅቱ ከመሰርሰሪያው 3 ሜትር ያህል ርቃ ትቁም፤ ሥራው ሲያበቃ ስለቱ ወዲያው በመሸፈኛው ይግባ፤ ስለቱ ጓንት ይቆርጣል። አምስት ወይም ስድስት ጉድጓድ አስቀድመው ቆፍረው፣ ፍርፋሪውን ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥተው፣ ያልተያዙትን በጣውላ ወይም በተገለበጠ ባልዲ ከድነው ይጠብቋት። ይህ ሁሉ ሲሠራ ቆማ እንድትጠብቅ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ትዕግሥቷ ዓሣው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ጭልፋውን ግን ለእርሷ ይስጧት፤ ከዘንጉ ይልቅ የምትወደው ሥራ ይህ መሆኑን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዘንጉ ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ጫፉ ለስላሳና በቀላሉ የሚጎብጥ ይሁን፤ ክሩ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚችል ቀጭን ይሁን። ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሰውነት ሥራው ስለሚዘገይ ጥቂት ይበላል፣ ቀስ ብሎም ይነካል፤ ስለዚህ መንጠቆውም ማባበያውም ትንንሽ ይሁኑ። በመንጠቆው ላይ አንድ ትንሽ የእሳት እራት እጭ መሰካት በቂ ነው። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቀው ያጥፉት፤ ዓሣው ጥቂት ሊያመልጥ ይችላል፣ የልጅቱ ጣት ላይ ቢሰካ ግን በቀላሉ ይወጣል። ሌላው የማልደራደርበት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነው። ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶች ልጆች አፋቸው ውስጥ የሚከቱት ነገር ስለሆነ፣ ከተንግስተን ወይም ከቆርቆሮ የተሠሩትን ይጠቀሙ።

ለመጀመሪያ ቀን የሚመረጠው በመንጋ የሚሄድ ትንሽ ዓሣ ነው፤ እንደ ፐርች ያለ። ፐርች በዓይኑ አይቶ የሚያድን ስለሆነ በቀን ብርሃን ይበላል፤ ይህም ለእናንተ ይመቻል፤ ንጋት ላይ በጨለማ መውጣትም ምሽትን መጠበቅም አያስፈልጋችሁም። ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ቀትር ያለው፣ ፀሐይ ከፍ ያለችበት ጊዜ ይበቃችኋል። ከ2 እስከ 5 ሜትር ጥልቀት ባለበት ማባበያውን ወለሉ እስኪነካ ይልቀቁት፤ ከዚያ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። ልጅቱ ዘንጉን በቀስታ አንድ ስንዝር ከፍ ታድርግ፣ ትመልሰው፣ ከዚያም ሳታንቀሳቅስ ትጠብቅ። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው በዕረፍቱ ነው፤ ልጆች ግን ያለማቋረጥ መናጥ ይወዳሉ፤ ስለዚህ በዕረፍቱ ጊዜ እስከ አሥር እንድትቆጥር ያድርጓት። 15 ደቂቃ ውስጥ ምንም ካልነካ ወደ ሌላው ጉድጓድ ይሂዱ፤ መንጋ ካለ ቶሎ ይታወቃል፣ ከሌለ መጠበቅ አያመጣውም። ዓሣ ሲያዝ ዘንጉን ከእጇ አይቀሟት፤ ቢያመልጥም ያምልጥ።

ዓሣው ሲወጣ መንጠቆውን የሚያላቅቁት እርስዎ ነዎት። የፐርች የጀርባ ክንፍ እሾህ አለው፤ ከራሱ ወደ ጅራቱ በመዳፍ እያስተኙ ይያዙት። እንዲነካ ከፈለገች ሆዱን በአንድ ጣት ትንካ፣ እጇም ወዲያው ይደረቅና ጓንቷ ይመለስ። ዓሣውን ወስዳችሁ ትበሉት ወይስ ትለቁት የሚለውን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩበት፤ ከባልዲ ውስጥ እያየችው የወደደችውን ዓሣ በድንገት ሲገደል ማየት የለባትም። የሚለቀቅ ከሆነ በፍጥነት ይለቀቅ፤ በብርቱ ብርድ የዓሣ ዓይንና ስንጥብ በአየር ላይ በአጭር ጊዜ ሊረጋ ይችላል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ ካስፈለገ ስልኩ ተዘጋጅቶ ይቆይ። ከ10 ሜትር በላይ ጥልቀት የወጣ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ተነፍቶ ቢለቀቅም ላይተርፍ ስለሚችል፣ ጥልቅ ውኃን መተው ለዓሣውም ይጠቅማል።

ከጠዋት እስከ ምሽት መዋል የሚለውን ሐሳብ ግን ይተዉት። ለመጀመሪያ ቀን በበረዶው ላይ 1 ሰዓት ብዙ ነው፤ 45 ደቂቃም ይበቃል። ከዚያ ውስጥ ዘንግ የምትይዘው ምናልባት ሲሶውን ይሆናል፤ በቀረው ጊዜ ትንሸራተታለች፣ ጉድጓዱ ላይ ተደፍታ ጥቁሩን ውኃ ታያለች (የጃኬቷን ጀርባ ይዘው)፣ አመዳይ ትቆልላለች። ይህን እንደ ማስተጓጎል አይቁጠሩት። «እንሂድ» ካለች ዓሣው መንካት በጀመረበት ሰዓት እንኳ ቢሆን ሂዱ፤ ሳትል ከቀረችና ሰዓቱ ከደረሰም ደስታዋ ሳይጎድል ሂዱ። ዕቃ ከሚያውቁት ሰው ተውሰው ይጀምሩ፤ መግዛት ካለብዎት ገንዘቡን መጀመሪያ በጫማዋና በሕይወት አድን ጃኬቶቹ ላይ ያውጡ፤ ዘንግ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው።

በመጨረሻ የፈቃድ ጉዳይ አለ። በብዙ ቦታዎች ሕፃናት ያለ ፈቃድ ያጠምዳሉ፤ ዘንጉን እየተቀበለ የሚያጠምድላት አዋቂ ግን ፈቃድ እንዲኖረው ሊጠየቅ ይችላል፤ የጉድጓድ ስፋት፣ የዘንግ ቁጥር፣ የሚወሰደው ዓሣ መጠንና በሕይወት ያለ ማባበያ መጠቀምም በየውኃው የተለያየ ደንብ አላቸው። ሐይቁን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት አስቀድመው ይጠይቁ፤ በዚያው ስልክ ስለ በረዶው የወቅቱ ሁኔታና ምንጭ ስላለባቸው ቦታዎችም ይጠይቁ፤ ይህን ዝርዝር ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቀው በየቀኑ እዚያ የሚያጠምደው ሰው ብቻ ነው።